አዲስ ወገን መቼ ይመሠረታል? በዋሻ የሚኖሩ የየብስ አይሶፖዶች አመዳደብ ዳሰሳ

ለእንስሳት የሚሰጡ ሳይንሳዊ ስሞችን የሚገዛው ዓለም አቀፍ የሥነ እንስሳት ስያሜ ደንብ አንድ ስም ተቀባይነት የሚያገኝበትን ሁኔታ በዝርዝር ይደነግጋል፤ ስሙ እንዴት መታተም እንዳለበት፣ ምን ዓይነት መግለጫ ሊኖረው እንደሚገባ፣ ለአንድ እንስሳ ሁለት ስሞች ቢሰጡ የትኛው እንደሚጸና አንድ በአንድ ያስቀምጣል። ወገንን (ጂነስን) ግን ከዝርያ በላይና ከአስተኔ በታች ያለ የምደባ ደረጃ መሆኑን ከመጥቀስ አልፎ፣ አንድ ዝርያ ወይም የዝርያዎች ስብስብ ከሌሎች በምን ያህል ቢለይ ራሱን የቻለ ወገን ሊባል እንደሚገባ አይናገርም። ውሳኔው ሙሉ በሙሉ ለመዳቢው ሊቅ የተተወ ነው። ይህ ክፍተት በሁሉም የእንስሳት ቡድኖች ላይ የሚያከራክር ቢሆንም፣ በዋሻ በሚኖሩት የየብስ አይሶፖዶች ዘንድ ይበልጥ ይከብዳል፤ ዋሻው በዝምድና የተራራቁ እንስሳትን እያመሳሰለ፣ የቅርብ ዘመዳሞችን ደግሞ እርስ በርስ እስከማይተዋወቁ ድረስ እያራራቀ መዳቢውን በሁለት መንገድ ያሳስተዋልና።

የየብስ አይሶፖዶች ከሸርጣንና ከሽሪምፕ ጋር ከክሩስታሺያኖች የሚቆጠሩ፣ አባቶቻቸው ከባሕር ወጥተው በየብስ መኖር የጀመሩ ትንንሽ እንስሳት ናቸው። በእርጥብ ድንጋይ፣ በረገፈ ቅጠልና በበሰበሰ ግንድ ሥር የሚገኙት፣ አንዳንዶቹም ሲነኳቸው የሚድበለበሉት ግራጫ ፍጥረታት እነዚሁ ናቸው። ከጭንቅላታቸው ቀጥሎ እያንዳንዳቸው አንድ ጥንድ እግር የተሸከሙ ሰባት የደረት ቀለበቶች፣ ከእነርሱም በኋላ አምስት የሆድ ቀለበቶችና አንድ የመጨረሻ ክፍል አሏቸው። ከሆድ ቀለበቶቹ ሥር የተደረደሩት አምስት ጥንድ ቅጠል መሰል አካላት ፕሊዮፖድ ወይም የሆድ እግር ይባላሉ፤ መራመጃ ሳይሆኑ መተንፈሻ ናቸው። ሴቷ እንቁላሎቿን ከደረቷ ሥር በሚገኝ ፈሳሽ የሞላበት ከረጢት ውስጥ ታቅፋለች፤ ከከረጢቱ የሚወጣው ጫጩት፣ በሙያው አጠራር ማንካ የሚባለው፣ በሰባት ፈንታ ስድስት ጥንድ እግር ብቻ ይዞ ይወለዳል። በግሪካዊው ስፊሮስ ስፌንቱራኪስና በጣሊያናዊው ስቴፋኖ ታይቲ በ2015 (በዚህ ዳሰሳ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው) የታተመው ጥናት 3,710 ዝርያዎችን በ527 ወገኖች ተመድበው ቆጥሯል። በአማካይ ሲሰላ ለአንድ ወገን ሰባት ዝርያ ያህል ይደርሰዋል ማለት ነው፤ አማካዩ ግን ያሳስታል፤ ጥቂት ወገኖች እጅግ ብዙ ዝርያ ሲይዙ ብዙዎቹ አንድ ወይም ሁለት ዝርያ ብቻ አላቸው። ባለ አንድ ዝርያ ወገን የበዛው ተፈጥሮ እንዲህ ስለሆነች ነው ወይስ መዳቢዎች እጃቸው ስለፈጠነ የሚለው ጥያቄ ከዚህ ይነሣል።

ዋሻ ለእነዚህ እንስሳት ባዕድ ስፍራ አይደለም። ቆዳቸው እንደ ነፍሳት ቆዳ ውኃ የሚይዝ የሰም ሽፋን ስለሌለው ደረቅ አየር ፈጥኖ ያጠፋቸዋል፤ በተለይም አብዛኞቹ የዋሻ ነዋሪዎች የሚመደቡበት ሲኖኬታ የተባለው ቅርንጫፍ፣ ሌሎች የየብስ አይሶፖዶች በሆድ እግሮቻቸው ውስጥ ያበጁት የአየር ቱቦ ስለሌለው ከእርጥበት መራቅ አይችልም። ውኃ የኖራ ድንጋይን እያሟሟ የሚሰረስራቸው ዋሻዎች፣ የዌብ ወንዝ በባሌ እንደሰረሰረው እንደ ሶፍ ዑመር ያሉት፣ በየዘመኑ የሚለዋወጠው የላይኛው አየር ጠባይ እምብዛም የማይነካቸው የእርጥበት መጠለያዎች ናቸው። በላይኛው ምድር ድርቅ ሲመጣ ከመሬት በታች የቀረው የዘር ቅርንጫፍ የላይኛው ዘመዱ ከጠፋ በኋላም ሊቀጥል ይችላል፤ እንዲህ ያለው ብቸኛ ቅሪት ዘመድ አልባ መስሎ ስለሚታይ አዲስ ወገን ለመመሥረት ይጋብዛል።

የጥናቱ ታሪክም ከዋሻ ጋር የተሳሰረ ነው። ዛሬ በስሎቬኒያ ግዛት በሚገኙት የካርስት ዋሻዎች የሚኖረው ነጩና ዓይነ ስውሩ ቲታኔተስ አልቡስ በ1841 በኮህ ከተገለጸ በኋላ፣ ዴንማርካዊው ዮርገን ሺዮድተ በ1849 ቲታኔተስ የተባለውን ወገን መሠረተለት። በሳይንሳዊ ጽሑፍ ከዝርያው ስም ቀጥሎ የኮህ ስምና ዓመቱ በቅንፍ ውስጥ የሚጻፉት ዝርያው መጀመሪያ በሌላ ወገን ሥር ተመድቦ እንደነበረ ለማመልከት ነው፤ ይህ ትንሽ ምልክት በምደባ መጻሕፍት ውስጥ እጅግ ብዙ ጊዜ መገኘቷ የወገን ድንበር ምን ያህል ተንቀሳቃሽ እንደሆነ ትመሰክራለች። ሩማንያዊው ኤሚል ራኮቪጻ በ1904 በማዮርካ ደሴት የድራክ ዋሻዎችን ሲጎበኝ ያገኘው ዓይነ ስውር የውኃ አይሶፖድ ከባሕር ጥናት ወደ ዋሻ ሕይወት ጥናት መራው፤ በ1907 ያሳተመው ድርሰት የዋሻ ሥነ ሕይወት መሥራች ሰነድ ሆኖ ይቆጠራል፣ በ1920ም በክሉዥ ከተማ ለዋሻ ጥናት የቆመውን የመጀመሪያ ተቋም መሠረተ። ከእርሱ በኋላ ፈረንሳዊው አልበር ቫንዴል የፈረንሳይን የየብስ አይሶፖዶች በ1960 እና በ1962 በወጡ ሁለት ጥራዞች አሰባስቦ፣ በርካታ የዋሻ ወገኖችንም መሥርቶ የሙያውን ቋንቋ አበጀ። የቫንዴል ሥራ ጥልቅ ነበር፤ ነገር ግን የዋሻ እንስሳት ያረጁና እየደከሙ የሚሄዱ ጥንታዊ የዘር መስመሮች ናቸው የሚለው እምነቱ ብቸኛ መስሎ የታየውን ሁሉ ጥንታዊ ለማለት ያዘነብል ስለነበር፣ ከመሠረታቸው ወገኖች አንዳንዶቹን ዛሬ በጥርጣሬ ማንበብ ይገባል።

በዋሻ ለዘመናት የኖረ እንስሳ ቀለሙን፣ ዓይኑን፣ አንዳንዴም የቆዳውን ጥንካሬ ያጣል፤ እግሮቹና አንቴናዎቹ ደግሞ ይረዝማሉ። እነዚህ ለውጦች በአንድነት የዋሻ መልክ ሊባሉ ይችላሉ፤ መልኩን ሙሉ በሙሉ የያዘና ከዋሻ ውጭ መኖር የማይችል እንስሳም ትሮግሎባይት ይባላል። ችግሩ ይህ መልክ በአንድ የዘር ሐረግ አንድ ጊዜ ብቻ የተገኘ ሳይሆን በተለያዩ አህጉራት፣ በተለያዩ አስተኔዎች በተደጋጋሚና በተናጠል የተከሰተ መሆኑ ነው። ስለዚህ ሁለት ዝርያዎች ዓይን ስለሌላቸው ብቻ ዘመዳሞች ናቸው ማለት፣ ወይም አንድ ዓይነ ስውር ዝርያ ዓይን ካላቸው ዘመዶቹ ተለይቶ ለብቻው ወገን ይሁን ማለት መሠረት የለውም። ዓይን ማጣት ዋሻን እንኳ በእርግጠኝነት አያመለክትም፤ በአውሮፓ በጉንዳኖች ጎጆ ውስጥ የሚኖረው ፕላቲያርትሩስ ሆፍማንሴጊ ነጭና ዓይነ ስውር ነው፣ በጥልቅ አፈር ውስጥ የሚኖሩ ብዙ ጥቃቅን ዝርያዎችም እንዲሁ ናቸው። ከዋሻ የተሰበሰበ ነጭ አይሶፖድ በስንጥቅ በኩል ከአፈር የወረደ እንግዳ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ መዳቢው የሚተማመነው በምን ላይ ነው? በመጀመሪያ ደረጃ በወንዱ የመራቢያ አካል ላይ ነው። የወንዱ የመጀመሪያና የሁለተኛ ጥንድ የሆድ እግሮች የዘር ፈሳሽን ወደ ሴቷ ለማድረስ የተለወጡ ሲሆኑ፣ በተለይ የሁለተኛው ጥንድ ውስጠኛ ቅርንጫፍ ረዥምና ሹል ሆኖ ጫፉ በጥቃቅን ጥርሶች፣ በእጥፋቶች ወይም በጸጉሮች ያጌጠ ነው። ይህ ቅርጽ በጨለማ ወይም በብርሃን መኖር በቀጥታ የማይለውጠው በመሆኑ ከዋሻው መልክ ይልቅ የዘር ሐረግን ይበልጥ ይጠብቃል። ከዚህ ቀጥሎ የአፍ ክፍሎች፣ በጀርባ ላይ ያሉት ሸንተረሮችና ጉብታዎች፣ በቀለበቶቹ ጎንና ጎን የሚገኙ የመዳሰሻ ጸጉሮች አቀማመጥ፣ ውኃን ከሰውነት ገጽ ወደ ሆድ እግሮች የሚመሩት ቦዮች አሠራር ይመረመራሉ። እንስሳው ብዙ ጊዜ ከጥቂት ሚሊሜትር አይበልጥም፤ በአልኮል ተጠብቆ በአጉሊ መነጽር ሥር በጥቃቅን መርፌዎች ይበተናል፣ እያንዳንዱ አካል በመስታወት ላይ ተለጥፎ ከአጉሊ መነጽሩ ጋር በተገጠመ የመሣያ መሣሪያ በእጅ ይሣላል። ፎቶግራፍ በረቀቀበት በዚህ ዘመንም የመስመር ሥዕል ዋናው ማስረጃ ሆኖ ቀርቷል፤ ሠዓሊው ያላየውን መሣል ስለማይችል ሥዕሉ የተመልካቹን ትጋት ጭምር ያጋልጣል።

በዚህ ላይ የዋሻ ናሙና ከባድ እንቅፋት አለበት። የዋሻ እንስሳት ቁጥራቸው አነስተኛ፣ መገኛቸውም የተበታተነ በመሆኑ አንድ የአሰሳ ጉዞ ጥቂት ናሙናዎችን ብቻ ይዞ ሊመለስ ይችላል፤ ከእነዚያም ወንድ ላይኖር፣ ቢኖርም ለአካለ መጠን ያልደረሰ ሊሆን ይችላል። በሴት ናሙና ብቻ የተመሠረተ ወገን፣ ዋናው መለያ ሳይታይ የተሰጠ ፍርድ ስለሆነ፣ ከመነሻው ደካማ ነው፤ እንዲህ ያለውን ናሙና ስም ሳይሰጡ ማቆየት በሙያው እንደ ስንፍና መታየት አልነበረበትም።

የብራዚል ዋሻዎች ባለፉት ዐሥርተ ዓመታት ይህን ሁሉ ውጣ ውረድ በአንድ ስፍራ ያሳዩ ሆነዋል። በ2014 ካምፖስ ፊልዮ፣ አራውዦና ታይቲ ከባሂያ ክፍለ ግዛት ዋሻ ያገኙትን ሻንጎኒስኩስ አጋንጁ የተባለ ዝርያ ከነአዲስ ወገኑ ገለጹ፤ የወገኑም የዝርያውም ስም ከምዕራብ አፍሪካ በባርነት የተወሰዱ ዮሩባዎች ወደ ብራዚል ይዘው ከሄዱት እምነት፣ ሻንጎ ከተባለው አምላክና አጋንጁ ከተባለው ገጽታው የተወሰደ ነው። ከዚያ ወዲህ ከባሂያና ከአጎራባቹ ሚናስ ዤራይስ ዋሻዎች ሌሎች የሻንጎኒስኩስ ዝርያዎች ተራ በተራ ስለተገለጹ ወገኑ በመሥራቾቹ ግምት ልክ ሞልቷል ማለት ይቻላል። በ2015 ደግሞ ሶዛ፣ ፌሬይራና ሴና በዚያው በባሂያ፣ በኢዩኢዩ ማዘጋጃ ቤት ክልል ከሚገኘው ላፓ ዶ ባይሻኦ ዋሻ ኢዩኢዩኒስኩስ ኢዩኢዩኤንሲስን ገለጹ። ቀለምና ዓይን የሌለው ይህ እንስሳ የደረቱ ቀለበቶች ጎኖች ወደ ውጭ ረዝመው የወጡ፣ በውኃም በየብስም የሚኖር ሲሆን፣ ከሁሉም በላይ ትኩረት የሳበው ጠባዩ ከጭቃ መጠለያ መሥራቱ ነው። የየብስ አይሶፖድ ቅርፊቱን የሚጥለው በሁለት ጊዜ፣ መጀመሪያ የኋላውን ግማሽ ቀጥሎም የፊቱን በመሆኑ በዚያ ጊዜ ለአጥቂ የተጋለጠ ነው፤ ኢዩኢዩኒስኩስ ይህን ጊዜ የሚያሳልፈው በጭቃው መጠለያ ውስጥ ነው። በአሜሪካ አህጉር በሚኖር የየብስ አይሶፖድ ላይ እንዲህ ያለ ግንባታ ሲታይ ያ የመጀመሪያው ነበር።

ገላጮቹ ግን በወገን አልተወሰኑም፤ ቫንዴል በ1952 ባቋቋመው ስቲሎኒሲዴ በተባለው አስተኔ ውስጥ ለአንዱ ዝርያ አንድ ወገን፣ ለአንዱ ወገን ደግሞ አንድ ንዑስ አስተኔ ሠሩለት። በሦስት ደረጃ የተሰጡ ሦስት ስሞች ያንኑ አንድ እንስሳ ብቻ የሚያመለክቱ ከሆነ ሁለቱ አዲስ ዕውቀት እንደማይጨምሩ የታወቀ ነው፤ በዚህ መመዘኛ ኢዩኢዩኒስሲኔ የተባለው ንዑስ አስተኔ ሲመሠረት የተቸኮለ ይመስል ነበር። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ2021፣ ካይሞቪችያ የተባለ ሌላ አዲስ ወገን በሁለት የዋሻ ዝርያዎች ከብራዚል ተገልጾ በዚሁ ንዑስ አስተኔ ሥር ገባ። በዚህም ብቻውን የቆመው ስም ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ አገኘ፤ ኢዩኢዩኒስኩስን ከሌሎች የለዩት ባሕርያት የአንድ ዋሻ ልዩ ሁኔታ የፈጠራቸው ብቻ እንዳልሆኑ፣ ከፊሎቹም ለሁለቱ ወገኖች የጋራ ከሆነ ጥንታዊ አባት የተወረሱ መሆናቸው ታየ። ሌላ ግኝት ስሙን ሊያፈርሰው ይችል እንደነበረ ግን መዘንጋት የለበትም፤ ደራሲዎቹ በ2015 ይህን ሊያውቁ የሚችሉበት መንገድ አልነበረም።

ከዚህ በተቃራኒ የሚቆመው የሃዋይ ታሪክ ነው። ሃዋይ በአብዛኛው የኖራ ድንጋይ ዋሻ ሳይሆን የቀለጠ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሲፈስ ላዩ ቀድሞ ረግቶ ውስጡ ሲወጣ የቀሩ የቱቦ ዋሻዎች ያሏት ስትሆን፣ እነዚህ ዋሻዎች በዕድሜ ወጣቶች ስለሆኑ እውነተኛ የዋሻ እንስሳ አይኖራቸውም ተብሎ ለረዥም ጊዜ ይታመን ነበር። ፍራንሲስ ሃዋርዝ በ1970ዎቹ መባቻ ያገኛቸው እንስሳት ይህን እምነት አፈረሱ፤ በ1973 ሹልትዝ ሃዋዮሲያ የተባለውን ወገን ከማዊ ደሴት የቱቦ ዋሻ በተገኘ ዝርያ ላይ መሠረተ፣ በ1997ም ታይቲና ሃዋርዝ ሦስት ተጨማሪ ዝርያዎችን ከሃዋይ ዋሻዎች ጨመሩበት። እስከዚያ ድረስ ሃዋዮሲያ የሃዋይና የዋሻ ብቻ ወገን ይመስል ነበር። በ2015 ግን አምስተኛ ዝርያ በሺህዎች ኪሎ ሜትር ርቃ ከምትገኘው ከፋሲካ ደሴት ዋሻዎች ተገለጸ፤ በ2018 ደግሞ ከኮስታ ሪካ የባሕር ዳርቻ፣ ከዋሻ ውጭ የሚኖር ሌላ ዝርያ ተጨመረ። የዳርቻው ዝርያ ወገኑ ከዋሻ የተወለደ ሳይሆን በባሕር ዳር ይኖር ከነበረ አባት የመጣና በየደሴቱ ወደ ዋሻ የገባ ሊሆን እንደሚችል ይጠቁማል። በመሥራቹ እጅ ዓይን ማነስ ወይም ቀለም ማጣት የወገኑ መለያ ሆኖ ቢሆን ኖሮ የኮስታ ሪካውን ዝርያ ማንም ወደዚህ ባላመጣው ነበር። ስሙ ዛሬ ከአንዳንድ አባላቱ መኖሪያ ጋር አይስማማም፤ ደንቡ ግን አንድ ስም ትርጉሙ ስላልገጠመ ብቻ እንዲሻር ስለማይፈቅድ ሃዋዮሲያ እንደተባለ ይኖራል።

የዘረ መል ጥናት ይህን ክርክር ይፈታል የሚል ተስፋ ነበር፤ በከፊል ፈትቶታል። ዲሚትሪዩ፣ ታይቲና ስፌንቱራኪስ በ2019 ያሳተሙት ሥራ የየብስ አይሶፖዶች በጠቅላላ ከአንድ የየብስ አባት የወረዱ ናቸው የሚለውን ለብዙ ዘመን የጸና ሐሳብ አናወጠ፤ በባሕር ዳር ዐለቶች ላይ የሚኖረው ሊጂያ የተባለው ወገን ከሌሎቹ የየብስ አይሶፖዶች ይልቅ ወደ አንዳንድ የባሕር አይሶፖዶች ቀርቦ ተገኝቷልና። ቫንዴል በ1965 ከስፔን ዋሻ የገለጸው በውኃ ውስጥ የሚኖረው ካንታብሮኒስኩስ ፕሪሚቲቩስ ያስነሣው ሙግትም፣ ማለትም የዚህ ዝርያ የውኃ ኑሮ ከባሕር አባቶቹ ሳይቋረጥ የመጣ ነው ወይስ ከየብስ ተመልሶ የተገባበት የሚለው፣ በዚሁ መስመር የሚታይ ነው፤ ከየብስ ተመልሶ መግባቱ ዛሬ የበለጠ ተቀባይነት አለው። ለወገን ድንበር ግን ዘረ መል ቁርጥ ያለ ልክ አይሰጥም። በተለያዩ ዋሻዎች ለረዥም ዘመን ተነጣጥለው የኖሩ፣ በአካል ግን የሚመሳሰሉ ሕዝቦች በዘረ መል እጅግ ሊራራቁ ይችላሉ፤ ይህን ያህል መቶኛ ልዩነት ወገን ያደርጋል የሚል ሕግ ስለሌለ የዘረ መል ዛፉ ዝምድናን ያሳያል እንጂ ማዕረግን አይቆርጥም።

የስያሜው ሥርዓት ራሱ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ቀላል ነው። ከ1930 በኋላ የታተመ የወገን ስም እንዲጸና መግለጫ ብቻ ሳይሆን መሠረት ዝርያ፣ ማለትም ወገኑ ቢከፋፈል ስሙ ተያይዞ የሚቀርለት አንድ ዝርያ፣ ተለይቶ ሊሰየምለት ይገባል፤ ከ1999 በኋላ ለሚገለጽ ዝርያ ደግሞ ስሙን የሚሸከመው ናሙና (ለምሳሌ ሆሎታይፕ) በግልጽ መጠቆም አለበት። የወገን ስም በእንስሳት ዓለም ሁሉ አንድ ብቻ መሆን ስላለበት፣ ሳይታወቅ ለሁለት እንስሳት የተሰጠ ስም ሲገኝ ኋለኛው ይለወጣል፤ ታይቲና ሹዌ በ2012 ለአንድ የደቡብ ቻይና የዋሻ ወገን ትሮግሎኒስኩስ የሚል ተተኪ ስም የሰጡት በእንዲህ ያለ ሥርዓት ነው።

ስያሜ ከቤተ ሙከራ ውጭ የሚያስከትለው ውጤት አለ፤ ይህም በብራዚል ጎልቶ ይታያል። በ1990 የወጣው ድንጋጌ ዋሻዎችን ሁሉ ይጠብቅ ነበር፤ የ2008ቱ ድንጋጌ ዋሻዎችን እንደ ጠቀሜታቸው በአራት ደረጃ ከፍሎ ማዕድን አውጪዎች እንዳይነኩት ሙሉ በሙሉ የከለከለው የመጨረሻውን ከፍተኛ ደረጃ ብቻ ነው፤ ብርቅዬ ወይም በዚያ ብቻ የሚገኙ ትሮግሎባይቶች መኖሪያ መሆን አንድን ዋሻ ለዚያ ደረጃ ከሚያበቁት መመዘኛዎች አንዱ ነው። በጥር 2022 የወጣ ሌላ ድንጋጌ ይህን ከለላ ሊያላላ ሲል ከጥቂት ቀናት በኋላ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ዋና ዋና አንቀጾቹን አገደ። በእንዲህ ያለ ሁኔታ አዲስ ወገን ማለት ዋሻውን ለማዳን ይረዳል ብሎ ማሰብ የሚጠበቅ ነው፤ ሆኖም መመዘኛው የሚጠይቀው ትሮግሎባይት የሆነ ብርቅዬ ዝርያን እንጂ ወገንን ስላልሆነ፣ በሚገባ የተገለጸ አንድ ዝርያ ለጥበቃው በቂ ነው፤ ማዕረጉን ከፍ ማድረግ ለዋሻው ምንም አይጨምርለትም።

አዲስ የዋሻ ወገን የሚያቀርብ ደራሲ ስለዚህ ከልማዱ ጥቂት ሊጨምር ይገባል፤ የሁለቱንም ፆታ አካላት በሥዕል ማሳየት፣ የዘረ መል ቅደም ተከተሉን በሕዝብ የመረጃ ቋት ማኖር፣ ከታወቁት ወገኖች የትኛው ለአዲሱ ይበልጥ እንደሚቀርብ በስም መጥራት፣ መለያ ከሆኑት ባሕርያት የትኞቹ ከዋሻው ኑሮ የመጡ ሊሆኑ እንደሚችሉ ለይቶ መጻፍ፣ ወደፊት ምን ዓይነት ግኝት ቢመጣ ወገኑ ሊፈርስ እንደሚችልም አስቀድሞ መናገር። እነዚህ በሌሉበት ነጩና ዓይነ ስውሩ እንስሳ በቅርብ ዘመዱ ወገን ሥር በጥያቄ ምልክት ቢቀመጥ ይሻላል።